«ችግር የለውም» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ባሏ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ደርሶታል። «አንቺ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፤ ምን እንደሚል ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። ተቀበልኳትና ሁለት መስመር አነበብኩ። ከዚያ ስልኩን መልሼ ሰጠኋትና «ይሄን እኔ አልተረጉምልሽም» አልኳት።

ፊቷ ወዲያው ተቀየረ። የኮራሁባት መሰላት። ምክንያቴን ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ የሃያ ደቂቃ ምሳ ላይ የሚነገር ነገር ግን አልነበረም። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ገደብ ነው አመክሮ?

ታናሽ ወንድሜ በዲቪ አሜሪካ ከመጣ በሦስተኛ ዓመቱ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሥራ ሲመለስ መብራት ይዟት የቆመች መኪና ከኋላ ገጨ። ደነገጠ። ጥሎ ሄደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ራሱ ተመልሶ መጣ፤ ፖሊስ ግን ቀድሞት ደርሷል። መኪናዋ ውስጥ የነበረችው ሴት አንገቷ ተጎድቶ ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ ሰው የተጎዳበትን አደጋ ጥሎ መሄድ ከባድ ወንጀል ነው። እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

ጥፋቱን አመነ። ዳኛው ሁለት ዓመት ፈረዱበትና እስሩን ሙሉ በሙሉ አገዱለት። ለሁለት ዓመት በፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ውጪ በክትትል ሥር እንዲቆይና ለሴትየዋ ካሳ እንዲከፍል አዘዙ። ካሳው ሲያንሳት ነው። ዛሬም ስለ እሷ ሳስብ አንገቴን እደፋለሁ።

አዲስ አበባ ለእማዬ የነገርናት «በገደብ ተለቀቀ» ብለን ነው። እልል አለች። የተሳለችውን ጧፍ ለእመቤታችን አስገባች። እኛ ሰፈር «በገደብ ተለቀቀ» ማለት «ወጣ» ማለት ነዋ። እዚህ አሜሪካ ያለነው ደግሞ ፕሮቤሽንን አንዳንዱ ገደብ፣ አንዳንዱ አመክሮ ይለዋል። አመክሮ እንኳ ሌላ ነገር ነው፤ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በመልካም ጠባይ ሲወጣ የሚባል ነው። ገደብ ለፕሮቤሽን ቀረብ ይላል። ግን ገደብ ስንል በጆሯችን የሚገባው ማለቁ ነው። ፕሮቤሽን ደግሞ ያን ቀን ነው የሚጀምረው። በየወሩ ሪፖርት ታደርጋለህ። የሚከታተልህ ኦፊሰር ሳይነግርህ ቤትህ ይመጣል። ሥራ ስትቀይር ታሳውቃለህ። ቤት ልትቀይር ስትል አስቀድመህ ታስፈቅዳለህ። ከስቴቱ ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልግሃል።

ከስቴቱ መውጣት የምትለዋ ነገር ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሰው ከባድ ናት። ወንድሜ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። የሚሠራው ዲሲ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እኔ ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከኪንግ ስትሪት ቢጫውን መስመር ይዘህ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቀዩ ከቀየርክ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሦስት ቦታ ሕግ አቋርጠህ መጥተሃል። ባቡሩ ከፔንታጎን ወጥቶ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም ሰው ስልኩን ትቶ በመስኮት ያያል። ውሃው ያምራል። ወንድሜ ግን ለዚያች ድልድይ በኪሱ ወረቀት ነበረው። ለሥራ ወደ ዲሲ እንዲመላለስ ኦፊሰሩ የጻፈለት ፈቃድ ነው። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሶ፣ ከመታወቂያው ጀርባ ይቀመጣል።

ለሥራ ወረቀት ነበረው። ለመኖሪያ ግን የያዘው የእኔን ቃል ብቻ ነው።

አምስት ቃል

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አብሮት የሚኖረው ልጅ ወደ ዴንቨር ሊሄድ ሆነ። ኪራዩን ብቻውን አይችለውም። የእኔ ቤዝመንት ባዶ ነው። «እኔ ጋ ናና ተቀመጥ» አልኩት። «እትዬ፣ መጀመሪያ እሱን ላስፈቅድ» አለኝ። ይሄን ልብ በሉልኝ። ላስፈቅድ ያለው እሱ ነው።

ኦፊሰሩ ጋ አብረን ደወልን። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ከወንድሜ ጋር ምን እንደምንዛመድ፣ ሜሪላንድ ስንት ዓመት እንደኖርኩ፣ ላስጠጋው ፈቃደኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ የዝውውር ጥያቄውን አስገባለሁ፤ እህቱ እዚያ ስላለች «ኢት ሹድንት ቢ ኤ ፕሮብለም»፤ ሜሪላንድ ስትመልስልኝ አሳውቀዋለሁ።

ወንድሜ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። የሥራ ሰዓቴ ደርሷል። የመኪና ቁልፌ እጄ ላይ ነው። «ችግር የለውም ብሎሃል። እሱ ይጨርሰዋል» አልኩት።

አምስት ቃል። ከዚያ ወዲህ እነዚህን አምስት ቃላት ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው የተናገረው ግምት ነው፤ ችግር ያጋጥማል ብዬ አላስብም ነው ያለው። እኔ ግን ፈቃድ አድርጌ አቀረብኩለት። «ችግር የለውም» እኮ በእኛ አፍ በር መክፈቻ ነው። ባለሱቁ «ችግር የለውም» ካለህ ዕቃውን ይዘህ ትሄዳለህ። አከራይህ «ችግር የለውም» ካለህ ሻንጣህን ታስገባለህ። ያቺ «ሹድንት» የምትለው ቃል ውስጥ ያለው ጥርጣሬ፣ ያ «ገና ነው» የሚለው ነገር፣ እኔ ጋ ሲደርስ ጠፋ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጭራሽ አልነገርኩትም። «ሲመልሱልኝ አሳውቀዋለሁ» ብሎ ነበር። ለእኔ እዚህ ግባ የማይባል የጨዋነት ንግግር መሰለኝ። ለካ ዋናው እሱ ነበር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ወንድሜ በዚያው ቅዳሜ መጣ። ሁለት ሻንጣና አንድ ጀበና ይዞ።

«እዚሁ ነው!»

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የሜሪላንድ ፕሮቤሽን ኤጀንት ቤቴን ልታይ ደወለች። ደስ አለኝ። ጉዳዩ እየሄደ ነው አልኩ። ቤቱን አጸዳሁ። ቡና ልቁላልሽ ብላት በትሕትና እምቢ አለች። ቤዝመንቱን አሳየኋት። አልጋውን አንጥፌዋለሁ። ከሥሩ የወንድሜ ጫማዎች በሰልፍ ተደርድረዋል። በሩ ጀርባ የሥራ ዩኒፎርሙ ተሰቅሏል። መታጠቢያ ቤት የጥርስ ብሩሹ ቆሟል።

«አሁን የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ፣ ወረቀቷን እያየች።

«እዚሁ ነው!» አልኳት። በኩራት ነው ያልኩት። ወንድሜን ሜዳ ላይ አልጣልኩትም ለማለት ነው። «ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጫማዎቹ አየች። «እንዲመጣ የፈቀደለት ማነው?» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። አፌን ከፍቼ «ኦፊሰሩ» ልል ስል፣ ያ የስልክ ንግግር ከነ ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። ሹድንት። አሳውቀዋለሁ። እዚያው የወንድሜ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰው ሲታሰር፣ ሲሞት፣ ሲታመም አይቻለሁ። በራሴ አፍ ያበላሸሁትን ነገር ዓይኔ እያየ ስረዳ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት የቨርጂኒያው ኦፊሰር ደወለ። ወንድሜ ዛሬውኑ ተመልሶ ቨርጂኒያ እንዲያድር ተነገረው። ማታ በቢጫው ባቡር ሸኘሁት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ውጪው ጨልሟል፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው የራሳችን ፊት ነበር። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። አሌክሳንድሪያ አንድ የሀገር ልጅ ቤት ሶፋ ተለመነለት። ጀበናው እኔ ጋ ቀረ።

የአደራ ሰው

ከዚያ በኋላ ያላነበብኩት ነገር የለም። አስቀድሜ ባነበው ኖሮ የሚለው ጸጸት እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴቶቹ በፕሮቤሽን ያለን ሰው የሚቀባበሉበት ውል አላቸው፤ ኢንተርስቴት ኮምፓክት ይባላል። የመጀመሪያው በ1937 የተደረገ ነው። አሁን የሚሠራበት ከ2002 ጀምሮ የጸና ሲሆን 50ዎቹ ስቴቶች፣ ዲሲ፣ ፖርቶ ሪኮና የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ሁሉም ገብተውበታል። የሚልከው ስቴት ጥያቄ ያቀርባል። የሚቀበለው ስቴት ቤቱን አይቶ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ያ መልስ እስኪመጣ ሰውየው ባለበት ይጠብቃል። ፍርዱ ሲሰጥ ቀድሞውኑ በተቀባዩ ስቴት ይኖር ለነበረ ሰው ለየት ያለ፣ ፈጠን ያለ መንገድ አለ። ወንድሜ ግን ቨርጂኒያ ነበር የሚኖረው።

ሜሪላንድ ብትቀበለው እንኳ የምትቀበለው በአደራ ነው። የእሷ ኤጀንት ትከታተለዋለች፣ የራሷን ደንብ ትጨምርበታለች። ፍርዱ ግን የቨርጂኒያ ነው። ካሳው የሚከፈለው በቨርጂኒያ በኩል ነው። ጥፋት ቢገኝ ሜሪላንድ ጽፋ ትልካለች፤ የሚጠይቀው የቨርጂኒያ ዳኛ ነው። ብዙ ሰው «ስቴት ቀየርኩ፣ ተገላገልኩ» ብሎ ያስባል። አሁን ሁለት ቦታ ነው የሚታየው።

ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አንድ ወዳጃችን «እስከ 45 ቀን ያለ ፈቃድ መቆየት ይቻላል እኮ» ብሎን ነበር። ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ነው የነገረን። ውሉ ላይ እውነትም ሌላ 45 ቀን አለ። በ12 ወር ውስጥ በተከታታይ ከ45 ቀን በላይ ሌላ ስቴት መቀመጥ «መዛወር» ይባላል ይላል። ግን ይሄ ዝውውር መቼ እንደሚያስፈልግ የሚናገር ነው። ኦፊሰርህን ሳታስፈቅድ ውጣ አይልም። ለሦስት ቀን ሠርግም ቢሆን ኦፊሰርህ ካላወቀና ካልጻፈልህ ጥሰት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ 45 ቀኖች በየቡናው ተቀላቅለው አንድ ሆነው ይወራሉ።

አንድ ያስገረመኝን ልጨምር። ውሉ ሊያስጠጋህ የሚችል «ቤተሰብ» ማለት ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ወላጅ፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ፣ እህት ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ፣ ሕጋዊ አሳዳጊ፣ እንጀራ አባትና እናት። እዚያ ስቴት 180 ቀን መኖር አለባቸው። የአክስት ልጅ ግን የለበትም። አብሮ አደግ የለበትም። የክርስትና አባት የለበትም። እኛ ስንቶቻችን ነን የአክስታችንን ልጅ «ወንድሜ» ብለን የምናስተዋውቀው? ኦፊሰሩ ፊት «ወንድሜ ነው» ብለህ በኋላ የአክስት ልጅ ሆኖ ሲገኝ ውሸታም ትባላለህ። አንተ ግን አልዋሸህም። እንደዚያ ላለ ሰው በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ተቀባዩ ስቴት በፈቃዱ ሊቀበለው ይችላል። ግዴታ ግን የለበትም።

ቀላል በሚባሉ ወንጀሎች ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። ክትትሉ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ካልሆነ፣ ወይም ደግሞ ወንጀሉ ሰው ላይ ጉዳት ወይም ዛቻ፣ የጦር መሣሪያ፣ ሁለተኛና ከዚያ በላይ የሆነ ጠጥቶ መንዳት፣ ወይም መዝገብ ላይ የሚያስገባ የወሲብ ጥፋት ካልሆነ ኮምፓክቱ አይመለከተውም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ ሲነዳ የተያዘ ሰው ጉዳዩን የሚጨርሰው በቀጥታ ከፈረደበት ስቴት ጋር ነው። ጎረቤትህ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የሄድኩት» ሲልህ፣ ጥፋቱ ከአንተ የተለየ ከሆነ መንገዱም የተለየ ነው።

ዳኛው የጠየቁት

ወንድሜ ያለ ፈቃድ አድራሻ በመቀየሩ ለምን ቅጣቱ እንደማይጸናበት እንዲያስረዳ ተጠራ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ከጎኑ ፍርድ ቤቱ የመደበው አስተርጓሚ ቆሟል፤ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

ያንን ሰውዬ እያየሁ ነው የቀለጥኩት። ዳኛው አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው ቶሎ አልተረጎመም። እጁን ከፍ አድርጎ፣ የመጨረሻውን ሐረግ እንዲደግሙለት ጠየቀ። ዳኛ አስደገመ! ከዚያ ቃል በቃል፣ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳያጣፍጥ አስተላለፈው። «ምናልባት» ሲሉ «ምናልባት» አለ። «ላስብበት» ሲሉ «ላስብበት» አለ። እኔ ኩሽናዬ ውስጥ፣ ቁልፍ እያንቀጫቀጭኩ፣ የሰው ነፃነት ያለበትን ንግግር በአምስት ቃል ጠቅልዬ ነበር።

ዳኛው ወንድሜን ጠየቁት፦ «መሄድ እንደምትችል ማን ነገረህ?»

ትንፋሼ ቆመ። ከመግባታችን በፊት ኮሪደር ላይ «እውነቱን ንገራቸው፤ እህቴ ናት በል» ብዬው ነበር። ወንድሜ ወደ ኋላ አልዞረም። «በደንብ አልገባኝም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። አስተርጓሚው እንዳለ አስተላለፈው።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር? ጠበቃው ዝም በይ ብሎኛል። ግን ጠበቃው ባይልስ እነሳ ነበር? ታናሼ ነው። ያሳደግኩት ነው። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር «እኔ ነኝ» የምለው እኔ ነበርኩ።

አልታሰረም። በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ አዲስ ወንጀል ሳይሠራ የክትትል ደንብ ብቻ ላፈረሰ ሰው ሕጉ ልክ አበጅቷል፤ እንዲህ ያለው የመጀመሪያ ጥሰት ሲሆን ዳኛው ወደ እስር ቤት አይልኩትም። አስጠነቀቁትና የዝውውር ጥያቄው እንደገና እንዲቀርብ ሆነ። ሁለተኛው የ45 ቀን ጥበቃ ተጀመረ። ሶፋው ላይ።

በዚያ ጊዜ አንድ ነገር አወቅኩ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ያለ ክፍያ እንዲያስተረጉም ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚመነጭ ግዴታ እንዳለበት ተደርጎ ሲሠራበት ቆይቷል። ስንደውል «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብንል መስመር ላይ ያስገቡልን ነበር። ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ ቢሮዎቿ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ማየት የተለመደ ነው። ያልጠየቅኩት ግን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ክብር መስሎኝ ነው። ለወንድሜ እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ለምን?

ባልደረባዬን ከዚያ ምሳ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር አብረን ደወልን። አስተርጓሚ እስኪገባ ስድስት ደቂቃ ጠበቅን። ባሏ ራሱ አወራ። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሲጨርስ «የነገሩኝን በጽሑፍ ይላኩልኝ» እንዲል ብቻ አንሾካሾክኩለት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ወንድሜ ጋ መልሱ የመጣው በ38ኛው ቀን ነው። እሁድን ከእሱ ጋር አሳልፌ፣ ሰኞ ጠዋት ሶፋው አጠገብ ቡና እየጠጣን ነበር። ስልኩ ጮኸ። ኦፊሰሩ ነው። ወንድሜ ስልኩን ወደ እኔ ሊገፋ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ራሱ መለሰው። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» አለ።

የሴት ድምፅ ገባ። «ሜሪላንድ ጥያቄዎን ተቀብላለች» አለች። «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮ ሪፖርት ያደርጋሉ።»

እኔ አፌን በእጄ ይዣለሁ። ወንድሜ ጥቂት አሰበ። «ይቅርታ እትዬ» አላት የማያውቃትን ሴት፣ «ተፈቅዷል ነው ያሉት ወይስ ይፈቀዳል?»

«ልጠይቅልዎት» አለች። በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ኦፊሰሩ መለሰ። «ተፈቅዷል» አለችው።

ስልኩ ተዘጋ። ተነስቼ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ እንጂ እትዬ» አለኝ። «ወረቀቱ ይምጣ።»